ካርል ጉስታቭ ዩንግ

ካርል ጉስታቭ ዩንግ (ሐምሌ 20 ቀን 1867 ዓ.ም. – ግንቦት 29 ቀን 1953 ዓ.ም.) የስዊዘርላንድ የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ደራሲ ነበረ። ትንተናዊ ሥነ ልቦና የሚባለውን የትምህርትና የሕክምና ዘርፍ የመሠረተው እርሱ ነው። ኮምፕሌክስ የሚለው ቃል በሥነ ልቦና ውስጥ እንዲለመድ ያደረገ ሲሆን፣ ሰዎችን ወደ ውስጥ የሚያዘነብሉና ወደ ውጭ የሚያዘነብሉ ብሎ መክፈልም ከእርሱ የመጣ ነው። የጋራ ስውር አእምሮ እና አርኪታይፕ የሚባሉት ሐሳቦችም የእርሱ ናቸው።

ዩንግ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ለሕልም በሰጠው ቦታ ነው። በእርሱ አስተያየት ሕልም የተደበቀ ምኞት መሸፈኛ ሳይሆን አእምሮ ስለ ራሱ ሁኔታ የሚሰጠው ግልጽ ምስክርነት ነው። ይህን አመለካከት ያገኘው ከመጻሕፍትና ከሕሙማን ብቻ አይደለም። ከ1913 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሳለፋቸው የጭንቅ ዓመታት በራሱ ሕልሞች ላይ ሞክሮታል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ልጅነት

ዩንግ ጁላይ 26 ቀን 1875 በሰሜን ምሥራቅ ስዊዘርላንድ፣ በኮንስታንስ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በኬስቪል መንደር ተወለደ። አባቱ ፓውል ዩንግ የተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። እናቱ ኤሚሊ ፕራይስቬርክ የባዝል ከተማ የታወቁ ቄስና የዕብራይስጥ ሊቅ ልጅ ነበሩ። ስሙን የወረሰው አያቱ በባዝል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፕሮፌሰር ነበሩ። ሕፃኑ ስድስት ወር ሲሆነው ቤተሰቡ በራይን ፏፏቴ አጠገብ ወዳለው ላውፈን ተዛወረ፤ በ1879 ደግሞ በባዝል አቅራቢያ ወደ ክላይንሁኒንገን ሄደ።

የቤቱ ኑሮ ሰላማዊ አልነበረም። ወላጆቹ አይስማሙም ነበር፤ አባቱም የሚሰብኩትን እምነት ራሳቸው በውስጣቸው ይጠራጠሩ ነበር። ዩንግ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው እናቱ ታመው ለብዙ ወራት ባዝል ሆስፒታል ተኙ። ይህ መለየት ለረጅም ጊዜ ፍቅር የሚለውን ቃል እንዲጠራጠር እንዳደረገው በስተርጅናው ተናግሯል።

የሚያስታውሰው የመጀመሪያ ሕልም በዚሁ ዕድሜ ያየው ነው። በሕልሙ በሜዳ ላይ በድንጋይ የተገነባ ጉድጓድ አገኘ፤ በደረጃ ወርዶ አረንጓዴ መጋረጃ ሲገልጥ ከመሬት በታች ያለ አዳራሽ ታየው። በዚያም በወርቅ ዙፋን ላይ እንደ ዛፍ ግንድ የቆመ፣ ከሥጋና ከቆዳ የተሠራና በአናቱ ላይ አንድ ዓይን ያለው አስፈሪ ነገር ነበረ። ልጁ በፍርሃት ነቃ። ይህን ሕልም ለማንም ሳይናገር እስከ ስተርጅናው ድረስ በልቡ ይዞት ኖረ።

ዐሥር ዓመት ሲሆነው ከእንጨት ማስመሪያው ጫፍ ላይ ትንሽ ሰው ቀረጸ። ኮትና ረጅም ባርኔጣ አደረገለት፣ አልጋም ሠራለት፣ ከራይን ወንዝ ያመጣውን ለስላሳ ድንጋይም ቀለም ቀብቶ አጠገቡ አኖረ። ሁሉንም በእርሳስ መያዣ ሣጥኑ ከትቶ ማንም በማይወጣበት የቤቱ ጣሪያ ሥር ሸሸገው። ቅር ሲለው ወይም ወላጆቹ ሲጋጩ ያንን የተሸሸገ ሰው ያስበውና ልቡ ይረጋጋ ነበር። ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ በጥንት ሕዝቦች ዘንድ ስለነበሩ ቅዱሳን ድንጋዮች ሲያነብ ይህ ትዝታ ተመለሰለት። ሳይማረው ያደረገው ነገር በሌላ አገርና ዘመን የኖሩ ሰዎች ካደረጉት ጋር መመሳሰሉ አስገረመው። ኋላ ለሰው ልጅ ሁሉ የጋራ የሆነ የአእምሮ መሠረት አለ ወደሚለው ሐሳብ ካደረሱት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር።

በ12 ዓመቱ በባዝል ካቴድራል አደባባይ አንድ ልጅ ገፍትሮት ወድቆ ራሱን ድንጋይ መታው። ከዚያ ወዲህ ወደ ትምህርት ቤት ሂድ ወይም የቤት ሥራህን ሥራ ሲባል ራሱን ይስት ጀመር፤ ስለዚህም ከግማሽ ዓመት በላይ ከትምህርት ቀረ። ሐኪሞች የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል ብለው ጠረጠሩ። አንድ ቀን ግን አባቱ ለእንግዳ ስለ ልጃቸው ሲናገሩ፣ ያላቸው ገንዘብ ሁሉ እንዳለቀና ልጁ ራሱን መቻል ካቃተው ምን እንደሚሆን ሲጨነቁ ተሸሽጎ ሰማ። ወዲያው የላቲን መጽሐፉን አወጣ። ሦስት ጊዜ ራሱን ስቶ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ አነበበ፤ ሕመሙም ሄደ። ሰው በሽታውን ሳያውቀው መጠጊያ ሊያደርገው እንደሚችል ከዚህ መማሩን በኋላ ተናግሯል።

ትምህርትና የሕክምና ሥራ መጀመሪያ

በ1895 በባዝል ዩኒቨርሲቲ ሕክምና መማር ጀመረ። በ1896 መጀመሪያ አባቱ ሲሞቱ ቤተሰቡ በችግር ላይ ወደቀ፤ ትምህርቱን የጨረሰው ከዘመድ በተበደረው ገንዘብ ነው። በዚያን ጊዜ የሥነ አእምሮ ሕክምና በሐኪሞች ዘንድ የተናቀ ሙያ ነበር። ዩንግ ግን ለፈተና ሲዘጋጅ አንድ የሥነ አእምሮ መማሪያ መጽሐፍ ከፍቶ፣ የሚወደው የተፈጥሮ ሳይንስና የሚወደው የመንፈስ ጥያቄ በአንድ ሙያ እንደሚገናኙ ተረዳ።

በዲሴምበር 1900 በዙሪክ ቡርግሆልትስሊ የአእምሮ ሆስፒታል በኦይገን ብሎይለር ሥር ሥራ ጀመረ። ከ1902 እስከ 1903 ባለው ክረምት ፓሪስ ሄዶ የፒየር ዣኔን ትምህርት ተከታተለ። በፌብሩዋሪ 1903 ኤማ ራውሸንባኽን አገባ፤ አራት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ኤማ ከሀብታም የፋብሪካ ባለቤት ቤተሰብ የመጣች ስትሆን፣ በኋላ ራሷም በሥነ ልቦና ሐኪምነት ሠርታለች።

በሆስፒታሉ ዩንግን ያስታወቀው የቃላት ፈተናው ነው። ሐኪሙ ቃላትን አንድ በአንድ ይጠራል፤ ታካሚው በመጀመሪያ ያሰበውን ቃል ይመልሳል፤ የፈጀውም ጊዜ በሰዓት ይለካል። ዩንግ መልሱ የዘገየባቸው ወይም የተምታታባቸው ቃላት ሰውየው ራሱ ወደማያውቀው ቁስል እንደሚመሩ አስተዋለ። በአንድ ስሜት ዙሪያ የተቋጠሩትን እነዚህን ሐሳቦችና ትዝታዎች ኮምፕሌክስ ብሎ ጠራቸው።

ሌሎች ሐኪሞች ትርጉም የለሽ ብለው የሚያልፉትን የሕሙማን ንግግርና እንቅስቃሴም ይከታተል ነበር። በሆስፒታሉ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የተኛች አንዲት አሮጊት ነበረች። ምንም አትናገርም፤ እጆቿ ግን ሳያቋርጡ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ያደርጋሉ። ዩንግ እንቅስቃሴው ጫማ ሰፊ ክር ሲስብ እንደሚያደርገው መሆኑን ከቆዩ የሆስፒታሉ ሰዎች ሰማ። አሮጊቷ በሞተች ጊዜ ለቀብር የመጣውን ወንድሟን ምን እንዳሳበዳት ጠየቀው። ወንድምየውም ትወደው የነበረ ጫማ ሰፊ ትቷት ስለሄደ መሆኑን ነገረው። ዩንግ በእብደት ውስጥም ቢሆን የተቀበረ ታሪክ እንዳለ ያስተማሩት እንዲህ ያሉ ሕሙማን እንደሆኑ ይናገር ነበር።

ከፍሮይድ ጋር የነበረው ግንኙነት

ዩንግ በ1906 ስለ ቃላት ፈተናው የጻፈውን መጽሐፍ ለሲግመንድ ፍሮይድ ላከለት፤ ደብዳቤ መጻጻፍም ጀመሩ። በማርች 1907 ቪየና ላይ ሲገናኙ ለብዙ ሰዓታት ሳያቋርጡ ተነጋገሩ። በ19 ዓመት የሚበልጠው ፍሮይድ ዩንግን እንደ ወራሹ ያየው ነበር። በ1910 የዓለም አቀፉ የሳይኮአናሊስስ ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዩንግ ሆነ።

በ1909 ሁለቱ በአሜሪካ ክላርክ ዩኒቨርሲቲ ንግግር እንዲያደርጉ ተጋብዘው በመርከብ አብረው ተጓዙ። በመንገድ ላይ አንዱ የሌላውን ሕልም ይፈታ ነበር። በዚህ ጉዞ ዩንግ በአንድ ባለ ፎቅ ቤት ውስጥ ራሱን አየ። የላይኛው ፎቅ ያማረ ሳሎን ነበር። ወደ ምድር ቤት ሲወርድ ዕቃው የመካከለኛው ዘመን ሆነ፤ ከዚያ በታች ያለው ክፍል ግድግዳው የሮማውያን ነበር። ከሁሉም በታች ባለ ዋሻ ውስጥ የሸክላ ስብርባሪና ሁለት የሰው ራስ ቅሎች አገኘ። ፍሮይድ የራስ ቅሎቹ የማን ሞት ምኞት እንደሆኑ አጥብቆ ጠየቀው። ዩንግ ጠብ እንዳይነሣ ብሎ ያላመነበትን መልስ ሰጠ። ለራሱ ግን ሕልሙ የአእምሮ ካርታ ሆኖ ታየው፤ ከግል ትዝታ ሥር ሌላ፣ የጥንት የሰው ልጆች ቅርስ የሆነ ወለል አለ ብሎ አሰበ።

ልዩነታቸው ከዚህ ወዲህ እየሰፋ ሄደ። ፍሮይድ የነፍስ ኃይል በዋናነት ከፆታ ስሜት ይመነጫል ሲል፣ ዩንግ ኃይሉ ከዚያ የሰፋ መሆኑን በ1911 እና በ1912 ባሳተመው ሥራ ገለጸ። በጃንዩዋሪ 1913 የግል ግንኙነታቸው ተቋረጠ። በሚቀጥለው ዓመት ዩንግ የማኅበሩን ፕሬዚዳንትነትና በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የነበረውን የማስተማር ሥራ ለቀቀ።

የጭንቅ ዓመታት

ከመለያየቱ በኋላ አብዛኞቹ ወዳጆቹና የሙያ ባልደረቦቹ ራቁት። ዩንግ 38 ዓመቱ ነበር፤ የሚከተለው ዘዴም የሚመካበት ትምህርትም አልነበረውም። በኦክቶበር 1913 በጉዞ ላይ ሳለ በነቃበት አንድ ራእይ አየ። ከሰሜን ባሕር እስከ አልፕስ ተራሮች ያለውን ዝቅተኛ አገር ሁሉ ጎርፍ ዋጠው፤ ፍርስራሽና ሬሳም በውኃው ላይ ይንሳፈፍ ነበር፤ ከዚያም ባሕሩ ወደ ደም ተለወጠ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ራእዩ ተደገመ። በ1914 የፀደይና የበጋ ወራት ደግሞ በበጋ ብርቱ ቅዝቃዜ መጥቶ ምድሩን ሁሉ በረዶ ሲያደርገው ሦስት ጊዜ አለመ። ሊያብድ ነው ብሎ ፈራ። በኦገስት 1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጀመር በስኮትላንድ ለንግግር ሄዶ ነበር። ያየው ነገር የእርሱ ብቻ እንዳልነበረ፣ የአንድ ሰው ስውር አእምሮ ከዘመኑ ጭንቀት ጋር የተያያዘ እንደሆነ ከዚያ በኋላ አመነ።

ዩንግ ከእነዚህ ምስሎች ከመሸሽ ይልቅ ሊጠይቃቸው ወሰነ። በዲሴምበር 1913 ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሐሳቡን ለቀቀው፤ የመጣውን ሁሉ ተመልክቶ፣ በውስጡ ከተገለጡት ሰዎች ጋር ተነጋግሮ፣ ሁሉንም በማስታወሻ ደብተር ጻፈ። ከእነዚህ አንዱ ፊሌሞን ብሎ የጠራው ክንፍ ያለው ሽማግሌ ነው። ዩንግ ከእርሱ ጋር ሲነጋገር፣ በአእምሮው ውስጥ እርሱ ያልፈጠራቸውና በራሳቸው የሚኖሩ ነገሮች እንዳሉ ተረዳ። ከደብተሮቹ የመረጠውን በትልቅ ቀይ የቆዳ መጽሐፍ ላይ በጥንታዊ የጽሕፈት ስልት ገልብጦ በሥዕል አስጌጠው። ቀዩ መጽሐፍ የተባለው ይህ ሥራ 16 ዓመት ያህል ወሰደበት። በሕይወት ሳለ አልታተመም፤ ለሕዝብ የወጣው በ2009 ነው።

ዩንግ በዚህ ጊዜ ከመሰበር ያዳኑትን ነገሮች ለይቶ ተናግሯል። የመጀመሪያው ቤተሰቡና ሥራው ናቸው። ሐኪም መሆኑን፣ የሚጠብቁት ሕሙማን እንዳሉ፣ ሚስትና አምስት ልጆች እንዳሉት፣ ቤቱም በኩስናኽት በሐይቁ ዳር እንደሚገኝ ለራሱ ያስታውስ ነበር። ሁለተኛው የእጅ ሥራ ነው። በልጅነቱ በድንጋይ ቤት ሠርቶ ይጫወት እንደነበር ትዝ ሲለው፣ ምሳውን በልቶ ታካሚዎች እስኪመጡ ድረስ በሐይቁ ዳር ጠጠር እየሰበሰበ ትናንሽ ቤቶች ይሠራ ጀመር። ሦስተኛው ስሜትን ወደ ምስል መለወጥ ነው። ከቁጣው ወይም ከፍርሃቱ በስተጀርባ ያለውን ምስል ሲያገኝ ሰላም ይሰማው ነበር። ምስሉ ተሸሽጎ ቢቀር ኖሮ ይሰባብረው እንደነበር ያምን ነበር።

ይህ የራስ ልምምድ በኋላ ንቁ ምናብ የተባለው የሕክምና ዘዴው ሆነ። በእነዚያ ዓመታት ያገኘው ነገር ለቀሪ ዘመኑ ሥራ ሁሉ ጥሬ ዕቃ እንደሆነለት ዩንግ ራሱ ገልጿል።

የሕልም አፈታት ዘዴው

በዩንግ ትምህርት የሰው አእምሮ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው ሰው የሚያውቀው ንቃተ ሕሊና ነው። ሁለተኛው የተረሱና የተገፉ ትዝታዎች የሚኖሩበት የግል ስውር አእምሮ ነው። ሦስተኛው ለሰው ልጅ ሁሉ የጋራ የሆነ ስውር አእምሮ ነው። በዚህ በሦስተኛው ውስጥ በየአገሩ ተረት፣ ሃይማኖትና ሕልም ደጋግመው የሚታዩ ጥንታዊ ቅርጾች አሉ፤ እነርሱንም አርኪታይፕ ይላቸዋል። እናት፣ ጥበበኛ ሽማግሌ፣ ጀግና፣ እንዲሁም ሰው በራሱ ላይ ማየት የማይፈልገውን ጠባይ የያዘው ጥላ ከእነዚህ ይቆጠራሉ።

የሕልም ዋና ሥራ በእርሱ አስተያየት ማመጣጠን ነው። ሰው በቀን አንድ ወገን ብቻ ሲይዝ ሕልም የተተወውን ወገን ያሳየዋል። ለዚህ የራሱን ገጠመኝ በምሳሌነት ይጠቅስ ነበር። አንዲት ታካሚ ነበረችው፤ ንግግራቸው ፍሬ የለሽ እየሆነ ሄደ። አንድ ሌሊት ሴትዮዋን በከፍተኛ ኮረብታ ላይ ባለ ግንብ ጫፍ ተቀምጣ አያት፤ እርሷን ለማየት አንገቱን በብርቱ ወደ ኋላ ማዘንበል ነበረበት። ሲነቃ፣ በሕልም እንዲህ ቀና ብሎ ያያት በቀን ዝቅ አድርጎ ስለሚያያት መሆኑ ገባው። ሕልሙንም ፍቺውንም ነገራት፤ ሕክምናውም ወዲያው ተቃና።

ሌላው ምሳሌ በሕልም አፈታት ይቀልድበት የነበረ ባልደረባው ነው። ይህ ሰው ተራራ መውጣት ይወድ ነበር፤ በሕልሙ ከተራራ ጫፍ ወደ ሰማይ መራመድ ሲጀምር ታላቅ ደስታ እንደተሰማው እየሣቀ ነገረው። ዩንግ ብቻውን እንዳይወጣና ሁልጊዜ ሁለት መሪዎች እንዲይዝ ለመነው፤ ሰውየው ግን አልሰማውም። ከጥቂት ወራት በኋላ ከተራራ ወድቆ ሞተ።

ዩንግ ሕልምን በተዘጋጀ የፍቺ መጽሐፍ መተርጎምን ይቃወም ነበር። አንድ ምስል ለአንዱ ሰው ያለው ትርጉም ለሌላው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ታካሚው ስለ እያንዳንዱ ምስል የሚያስበውን ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ምስሉን ከተረትና ከሃይማኖት ጋር ያስተያያል፤ በመጨረሻም ሕልሙ ከሰውየው የአሁን ኑሮ ጋር ያለውን ግንኙነት ይፈልጋል። ከአንድ ሕልም ይልቅ በተከታታይ የታዩ ብዙ ሕልሞች እንደሚታመኑም ያስተምር ነበር። በ1944 ባሳተመው ስለ ሥነ ልቦናና አልኬሚ በሚናገር መጽሐፍ የተጠቀመባቸው ሕልሞች የፊዚክስ ሊቁ የቮልፍጋንግ ፓውሊ ነበሩ። ፓውሊ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከባድ የኑሮ ቀውስ ላይ ሳለ ወደ ዩንግ መጥቶ የነበረ ሲሆን፣ ሁለቱ በኋላ በ1952 አንድ መጽሐፍ በጋራ አሳትመዋል።

ማንዳላ እና የቦሊንገን ግንብ

በጦርነቱ ጊዜ ዩንግ በስዊዘርላንድ ጦር በሐኪምነት ያገለግል ነበር። ከ1917 ጀምሮ በሻቶ ዴ የተጠለሉ የእንግሊዝ ወታደሮች ኃላፊ ሳለ፣ ጠዋት ጠዋት በደብተሩ ላይ ክብ ሥዕል ይሥል ነበር። ሥዕሉ በየቀኑ የልቡን ሁኔታ እየተከተለ ሲለዋወጥ አየ። በእስያ ሃይማኖቶች ማንዳላ የሚባለው ይህ ክብ፣ የሰው ማንነት ሁሉ የሚሰበሰብበት መካከል ምልክት ነው ብሎ አመነ። የሕይወት ጉዞ ቀጥ ያለ መንገድ ሳይሆን በአንድ መካከል ዙሪያ መዞር እንደሆነም ደመደመ።

በ1927 በሕልሙ በዝናባማ የክረምት ሌሊት፣ ጥላሸት በሞላበት በሊቨርፑል ከተማ ሲሄድ አየ። መንገዶቹ ሁሉ ወደ አንድ አደባባይ ያመራሉ፤ በመካከሉ ክብ ኩሬ፣ በኩሬውም ውስጥ ትንሽ ደሴት ነበረች። ዙሪያው ሁሉ ጨለማና ጭጋግ ሲሆን፣ በደሴቷ ላይ ያለ ቀያይ አበባ ያለው አንድ ዛፍ ብቻ በብርሃን ተሞልቶ ነበር። አብረውት ያሉት ሰዎች አየሩን እያማረሩ ዛፉን አላዩትም። ዩንግ በዚያን ጊዜ ኑሮው እንደዚያች ከተማ ጨለማ እንደነበር ተናግሯል። መካከሉ ግን እንዳለ አየ። ከዚህ ሕልም በኋላ ማንዳላ መሣሉን አቆመ።

በ1923 እናቱ በሞቱበት ዓመት በዙሪክ ሐይቅ ላይኛው ዳር በቦሊንገን ክብ የድንጋይ ግንብ መሥራት ጀመረ። እስከ 1955 ድረስ በየጊዜው ክፍል እየጨመረበት ሄደ። በዚያ ኤሌክትሪክና የቧንቧ ውኃ አልነበረም። እንጨት ይፈልጣል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ወጥ ራሱ ይሠራል፣ በድንጋይ ላይ ይቀርጻል።

ወደ አፍሪካና ሌሎች አገሮች ያደረጋቸው ጉዞዎች

ዩንግ አውሮፓን ከውጭ ሆኖ ለማየት ብዙ ተጉዟል። በ1920 ወደ ሰሜን አፍሪካ፣ በ1925 በኒው ሜክሲኮ ወዳሉት የታኦስ ፑዌብሎ ሕዝቦች፣ በ1937 መጨረሻ ወደ ሕንድ ሄደ። በ1925 መጨረሻ ወደ ኬንያና ኡጋንዳ ተጉዞ በኤልጎን ተራራ አካባቢ ሰነበተ፤ ከዚያም በዓባይ ወንዝ በሱዳን በኩል ወደ ግብፅ ወረደ።

በኤልጎን ስለ ሕልም ሲጠይቅ፣ ሰዎቹ ሁለት ዓይነት ሕልም እንደሚለዩ ተረዳ። አንዱ የግል ተራ ሕልም ሲሆን፣ ሌላው ለኅብረተሰቡ ሁሉ የሚነገር ታላቅ ሕልም ነው። አንድ ሽማግሌ ጠቢብ ግን ነጮች ከመጡ ወዲህ ታላቅ ሕልም የሚያይ እንደጠፋ እያዘኑ ነገሩት። ስለ ጦርነት፣ ስለ በሽታና ስለ ዝናብ ማወቅ አሁን የእንግሊዙ አስተዳዳሪ ሥራ ሆኗልና። ዩንግ ይህን ንግግር አልረሳውም፤ ሥልጣን ሲወሰድ ሕልምም አብሮ እንደሚወሰድ ያሳየ ምሳሌ ነበር። ይሁን እንጂ ስለ አፍሪካውያንና ስለ ሌሎች ሕዝቦች በጻፈው ውስጥ ኋላ ቀር የሚል የዘመኑ የቅኝ ገዢዎች አመለካከት በብዙ ቦታ ይታያል።

የናዚ ዘመን

በ1933 የጀርመን ናዚዎች ሥልጣን በያዙ ጊዜ ዩንግ መቀመጫው በጀርመን የነበረ የሳይኮቴራፒ ሐኪሞች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። ማኅበሩን ዓለም አቀፍ አድርጎ አደራጅቶ፣ ከጀርመን ክፍል የተባረሩ አይሁድ ሐኪሞች በግል አባል እንዲሆኑ የሚያስችል ደንብ አወጣ። በሌላ በኩል እርሱ በሚመራው መጽሔት ላይ ናዚዎችን የሚደግፍ መግለጫ ወጥቷል። ራሱም በ1934 የአይሁድና የጀርመኖች ሥነ ልቦና የተለያየ ነው የሚል ጽሑፍ አሳተመ። ደጋፊዎቹ ማኅበሩን ለማዳን የተደረገ ነው ይላሉ፤ ተቺዎቹ ደግሞ በክፉ ሰዓት ለዘረኞች ክብር የሰጠ ሥራ ነው ይላሉ። ከስዊዘርላንድ ሆኖ የሰዎችን ጥላ የሚያስተምር ሐኪም የራሱን ጥላ ማየት አቅቶት ነበር የሚለው ትችት እስከ ዛሬ አልተዘጋም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን በበርን የነበረው የአሜሪካ የስለላ ኃላፊ አለን ደለስ ስለ ጀርመን መሪዎች አስተሳሰብ ያማክረው ነበር።

ሕመምና እርጅና

በ1944 መጀመሪያ እግሩን ሰብሮ ሆስፒታል ሳለ የልብ ድካም ያዘው። በሞትና በሕይወት መካከል ሆኖ ምድርን ከላይ፣ በሰማያዊ ብርሃን ተከብባ እንዳየ ተናግሯል። ከእግሩ በታች ሴሎን፣ ከፊቱም ሕንድ ነበሩ። በሕይወት መመለሱ በመጀመሪያ ቅር አሰኘው፤ ለሳምንታትም ዓለም እንደ እስር ቤት ታየችው። ሲያገግም ግን ያለውን ነገር እንዳለ የመቀበል ፀጋ እንዳገኘ ገለጸ። ዋና ዋና ከሚባሉት መጻሕፍቱ ብዙዎቹ ከዚህ ሕመም በኋላ የተጻፉ ናቸው።

በ1953 ለዐሥርት ዓመታት የቅርብ ወዳጁና የሥራ ተባባሪው የነበረችው ቶኒ ቮልፍ ሞተች። በኖቬምበር 1955 ደግሞ ለ52 ዓመታት በትዳር የኖረችው ኤማ አረፈች። ዩንግ በሐዘኑ ወደ ድንጋይ ቀረጻ ተመለሰ፤ በቦሊንገን ግንብም ላይ የመጨረሻውን ፎቅ ሠራ።

በ1959 ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን የሰጠው ቃለ ምልልስ ብዙ ተመልካች አገኘ። ከዚያ በኋላ አንድ አሳታሚ ለተራ አንባቢ የሚሆን መጽሐፍ እንዲጽፍ ሲጠይቀው እምቢ አለ። ነገር ግን በሕልሙ በአደባባይ ቆሞ ለብዙ ሕዝብ ሲናገርና ሕዝቡም ሲረዳው አየ፤ ሐሳቡንም ለወጠ። የራሱን ድርሻ ጽፎ የጨረሰው ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ሰውና ምልክቶቹ የሚል ርእስ ያለው ይህ መጽሐፍ በ1964 ታተመ። ዩንግ ጁን 6 ቀን 1961 በ85 ዓመቱ በኩስናኽት ቤቱ አርፎ በዚያው ተቀበረ።

የትዝታ መጽሐፉ

ከላይ ከተነገሩት ሕልሞች ብዙዎቹ የሚታወቁት ትዝታዎች፣ ሕልሞች፣ ሐሳቦች ተብሎ ሊተረጎም ከሚችለው መጽሐፍ ነው። ሥራው በ1957 ተጀመረ። ስለ ልጅነቱና ስለ ወጣትነቱ የሚናገሩትን ምዕራፎች ዩንግ ራሱ ጻፈ፤ ሌላውን ጸሐፊው አኒየላ ያፌ ከንግግሩ ሰብስባ አዘጋጀችው። በ1962 ከሞተ በኋላ ታተመ።

መጽሐፉ ስለ ውጫዊ ሕይወቱ የሚናገረው ጥቂት ነው። ቶኒ ቮልፍ አልተጠቀሰችም፤ ስለ ኤማም የተነገረው እጅግ ትንሽ ነው። ቤተሰቡም ከመታተሙ በፊት አንዳንድ ነገር እንዲወጣ አድርጓል። ስለዚህ ተመራማሪዎች መጽሐፉን እንደ ትክክለኛ የታሪክ መዝገብ ሳይሆን፣ ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሰው ሕይወቱን እንዴት እንደተረዳው የሚያሳይ ምስክርነት አድርገው ያነቡታል።

ትችትና ቅርስ

የጋራ ስውር አእምሮ መኖሩን በሳይንሳዊ ሙከራ ማረጋገጥ እንደሚያስቸግር ተቺዎች ይናገራሉ። በ1953 ሕልም በብዛት የሚታየው ዓይን በፍጥነት በሚንቀሳቀስበት የእንቅልፍ ክፍል መሆኑ ታወቀ። በ1977 ደግሞ ሆብሰንና ማካርሊ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሕልም ከአንጎል ግንድ የሚነሣ ምልክት ውጤት ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሕልም ትርጉም አለው ወይስ የለውም የሚለው ክርክር ግን እስከ አሁን አልተቋጨም። የዩንግ የግል ጠባይም ይተቻል። ታካሚው ከነበረችውና በኋላ ራሷ የሥነ ልቦና ሊቅ ከሆነችው ከሳቢና ሽፒልራይን ጋር የነበረው ግንኙነት የሐኪምን ድንበር ያለፈ ነበር።

በ1948 በዙሪክ የተቋቋመውና በስሙ የሚጠራው ተቋም እስከ ዛሬ ሐኪሞችን ያሠለጥናል። በ1921 ስለ ጠባይ ዓይነቶች ያሳተመው መጽሐፍ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ለሚሰጠው የማየርስ ብሪግስ መጠይቅ መነሻ ሆኗል። የአልኮል ሱሰኞች መረዳጃ ማኅበር መሥራች ቢል ዊልሰንም በ1961 ለዩንግ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሐኪሙ ለአንድ ታካሚው የሰጠው ምክር ለማኅበሩ መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ እንደነበረ ገልጾለታል። ዩንግ በሕክምናው የሕይወት ታላላቅ ችግሮች አብዛኞቹ እንደማይፈቱ፣ ሰው ግን አድጎ ሊያልፋቸው እንደሚችል ያስተምር ነበር። ጭንቀት ያለበትን ሰው ጭንቀቱን እንዲረሳ ከመምከር ይልቅ፣ ሌሊት የሚያየውን እንዲጽፍና እንዲጠይቀው ማድረግ በብዙ የሳይኮቴራፒ ክፍሎች እስካሁን የሚሠራበት የእርሱ ትምህርት ነው።